በመንገድ ማንን አገኘሽ?

ተማሪዎቼ በየዓመቱ «ፍልስፍና ምን ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቁኛል። ለማወቅ ብለው እንዳይመስላችሁ። ቀኑ ሞቋል፣ ምሳ ርቋል፤ መምህሯን ትንሽ እንነካካት ነው ነገሩ። እኔም ቁጣዬ ቅርብ ስለሆነ «ለእናንተ ምንም አይጠቅምም፤ እናንተን የሚጠቅማችሁ አርጩሜ ነው» ብዬ አስቃቸውና ወደ ትምህርቱ እመለሳለሁ። እውነተኛውን መልስ ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም። እሱን ለመንገር ስለ አባቴና ስለ አንድ የበግ ጠጉር ባና ማውራት አለብኝ፤ ፈሪ መሆኔንም አብሬ መናገር አለብኝ።

እኔን ያስተማሩኝ ሰው ፍልስፍና ከመደነቅ ተወለደ ይሉን ነበር። ጠግቦ ያደረ፣ ሥራ የማያጣድፈው ሰው ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ «ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?» አለ፤ ነገሩ ከዚያ ጀመረ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። ግን እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። እኛ አገር ሰማይን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው በረዶ መጣ አልመጣ ብሎ ነው። ገብሱ ሊታጨድ ሦስት ቀን ሲቀረው አንዲት ደመና መጥታ የዓመት ቀለብ ይዛ ትሄዳለች። የኛ ሰው ሲጠይቅ ፈርቶ ነው የሚጠይቀው፤ አንዳንዴም ፈርቶ ሳይጠይቅ ይቀራል። እኔ ፍልስፍናን ያወቅኋት በዚህ በኩል ነው።

አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ አንድ ጥያቄ ግን ነበራቸው። «በምን አወቅህ?» ጎረቤት መጥቶ የእገሌ በሬ ታመመ ካለ «በምን አወቅህ?» ይሉታል። ቄሱ ዘንድሮ ክረምቱ ይከፋል ካሉ «በምን አወቁ፣ አባ?» ይሏቸዋል። ሰውየው አይቶ ነው የሚናገረው ወይስ ሰምቶ? ከሰማስ ከማን? ይኼን ሳይለዩ ወሬ አይቀበሉም። አገሬው እንደ ፈረስ ስም «አባ በምን» ብሎ አወጣላቸው፤ እሳቸውም ሲጠሯቸው ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቆጡም። እኔ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ዕውቀት ምንነት አንድ ሙሉ መንፈቅ ስማር ይኼን ነገርማ ደጃፋችን ላይ ሰምቼዋለሁ እያልሁ እገረም ነበር።

የአባቴን ጥያቄ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጓሳው ጠባቂ። ቀጭን፣ ሳል የማይለያቸው፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። አባቴ «በምን አወቅህ?» ሲሏቸው «አንተስ እንዳላወቅሁ በምን አወቅህ?» ብለው ይመልሳሉ። ጠዋት ከጓሳው ሲወርዱ በኛ በኩል ያልፋሉ፣ በሶ ይበጠበጥላቸዋል፣ ከዚያ ሁለቱ ጥላቸውን እስኪረግጡ ድረስ ይከራከራሉ። አንድ ጊዜ ቀይ ቀበሮ ሰውን ከሰው ይለያል አይለይም ብለው ግማሽ ቀን ፈጅተው ሳይስማሙ ተለያዩ።

ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር መሬት የሁላችን ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፤ በጎቻችን በክፉ ዓመት የሚተርፉት በሱ ነው። ለዚህ ነው የሚዘጋው። ተዘጋ ከተባለ፣ እስኪከፈት ድረስ ማጭድ ይዞ መግባት የለም። በድሮ ዘመን የገባ ሰው ቤቱ ይቃጠልበት ነበር ይባላል። በኛ ጊዜ ደግሞ እሳት አይጫርለትም፣ ደቦ አይወጣለትም፣ ቢሞት ሬሳውን የሚያነሣለት የለም። ይኼን ደንብ ቆመው ካጸኑት ሽማግሌዎች አንዱ አባቴ ነበሩ።

ደርግ ከወደቀ አሥር ዓመት ግድም አልፎት ነበር። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ወደ ቤት እየተመለስሁ ነበር። በዚያ ዓመት መጠራጠር ተምሬ ነበር የመጣሁት፤ ያልተጠራጠርሁት ነገር ቢኖር የራሴን ብልህነት ብቻ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ዘመድ ቤት አድሬ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። የኛ ቤት ከዚያ ጓሳን ተሻግሮ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። ሐምሌ ስለሆነ ጉሙ ከመሬት አልተነሣም፤ ካፊያው ፊቴን ይመታኛል። በጉም ጓሳን ያቋረጠ ያውቀዋል፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ሁሉ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። እሱን ከልጅነቴ ለምጄዋለሁና እየቆጠርሁ አልፋለሁ። አንዱ ጅብራ ተንቀሳቀሰ።

ሰው ነበር። ያየሁት ጀርባውን ነው። ትልቅ የሣር ሸክም ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ቆላው በሚያወርደው ቀጭን መንገድ ይፈጥናል። ከሸክሙ በታች የለበሰው ባና ጥግ ተንጠልጥሏል፤ ጥጉ ላይ ነጭ እራፊ አለ። ያን እራፊ አውቀዋለሁ። እናቴ በሞተችበት ዓመት እሳት የበላውን ጥግ በነጭ ፈትል የጣፈችው ነው። የእናቴ የእጅ ሥራ ሆኖ ቤታችን የቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ አባቴ ባናውን ሌላ ሰው እንዲነካባቸው አይፈልጉም ነበር። «አባዬ» ብዬ ልጣራ አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። ወዲያው ጉሙ ዋጠው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድሁት አላስታውስም። የሄድሁት እየለመንሁ ነው፤ እቤት ስደርስ ባናው ማንጠልጠያው ላይ እንዳገኘው።

አምስት ሰዓት ግድም ደረስሁ። አባቴ ደጃፍ ላይ በጭቃ እግራቸው ቆመው ወደ ጓሳው ያያሉ። አሮጌ ጋቢ ነው የለበሱት። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል በትከሻቸው ላይ አሻግሬ ወደ ውስጥ አየሁ፤ ማንጠልጠያው ባዶ ነው። የጠቦቶቹ በረት ጣሪያ ላይ ደግሞ አዲስ የተደረበ ሣር አለ። አባቴ ግንባሬን ሳሙኝና በአገሩ ልማድ ጠየቁኝ፤

«በመንገድ ማንን አገኘሽ?»

«ማንንም።»

«ማንንም?»

«ጉም ብቻ ነው፣ አባዬ።»

አንገታቸውን ነቀነቁና እንደገና ወደ ጓሳው ዞሩ። «ይኼ ሰውዬ ቀረ» አሉ ለራሳቸው። ግብረ አበራቸውን የሚጠብቁ መሰለኝ። «ማነው የቀረው?» ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ነው። ሻንጣዬን አስቀምጬ ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። አባቴም ዝናቡ እየጠነከረ ሲሄድ ዱላቸውን ይዘው ወደ ጓሳው ወጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ጩኸት ተሰማ። ጠባቂውን በቃሬዛ ይዘዋቸው ወረዱ። አንድ ሰው ከኋላ በድንጋይ መቷቸው በደም ተለውሰው ገደል አፋፍ ላይ በሸሚዝና በሱሪ ብቻ ተገኙ፤ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲደበድባቸው ነው የዋለው። ያለ ፈቃድ የታጨደ ሰፊ ቦታም አጠገቡ ተገኘ። ቃሬዛውን በፊት በኩል የያዙት አባቴ ናቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። እኔ ያን ፊት አይቼ የልቤን አነበብሁበት። ሣር ሰረቁ ያልሁት ነገር አሁን ደም ሆነ። ሽማግሌው ቢሞቱ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?

ጠባቂውን ወደ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ማናገር አቆሙ። ጠዋት ይወጣሉ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጥለው ይንሾካሾካሉ፣ ሲመለሱ ዓይኔን አያዩም። ምግብ ሳቀርብላቸው ሁለቴ ጎርሰው ይገፉታል። እኔ በበኩሌ እያንዳንዱን ነገር እንደ ማስረጃ እለቅማለሁ፤ ጭቃው፣ ጣሪያው፣ ባዶው ማንጠልጠያ፣ «ቀረ» ያሉት ሰው። አራቱን አሰልፌ ስደምራቸው ድምሩ ሁልጊዜ አባቴ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ «የማስረጃ ብዛት እውነት አይሆንም» ተብሎ የተነገረኝ ለመቼ ነበር?

በሦስተኛው ቀን ድንገት አጠገቤ ተቀመጡና ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ፍልስፍና የሚባል ነው አልኋቸው። እሱ ደግሞ ምን ያስተምራል አሉኝ። መጠየቅን አልሁ። ስንት ቀን ያልታየው ፈገግታቸው ብቅ አለና፣ ለዚህ ነው እንዴ በመኪና ተጭነሽ የሄድሽው፣ እሱንማ እኔ እዚሁ አስተምርሽ አልነበር አሉ። ቀጥለውም፣

«በይ እስቲ አንድ ነገር ጠይቂኝ» አሉኝ።

አያችሁ፣ በር ከፈቱልኝ። ባናው የት ሄደ ብል በቃ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር እኮ። ግን መልሱን ፈራሁት። መልሱ ከመጣ መመለሻ የለውም፤ ካልጠየቅሁ ግን አባቴ አባቴ እንደሆኑ ይቆያሉ። እናም አንገቴን ደፍቼ «ጊዜ ምንድን ነው?» አልኋቸው። አባቴ ቆይተው አዩኝ፤ ፈገግታቸው ጠፋ። «እንጃ ልጄ፤ የመሸ ይመስለኛል» ብለው ተነሥተው ወደ በጎቹ ሄዱ።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ በዳዩ እስኪወጣ ድረስ እርሻም ገበያም የለም። ቄሱ መስቀል ይዘው ይቆማሉ፤ ያየ፣ የሰማ፣ አውቆ የደበቀ ሁሉ የተገዘተ ይሁን ይላሉ። ከዚያ ሰው በተራ እየቀረበ መስቀሉን ይዞ ያየውን ይናገራል፣ ያላየም አላየሁም ይላል። ከተማ የተማረ ሰው ይኼን ሲሰማ ይስቃል፤ እኔም አዲስ አበባ ሆኜ ስቄበታለሁ። ከመስቀሉ ፊት ሲቆሙ ግን ሳቅ የለም። ያን ቀን ጠዋት ጓሳን አቋርጬ መምጣቴን ሁሉም ስለሚያውቅ እኔም ተጠራሁ።

መስቀሉን ያዝሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። የሸንጎው አውራ ሽማግሌ ዝግ ብለው ይጠይቃሉ። ሰው አይቻለሁ አልሁ፤ ጨርሶ ለመካድ ግዝቱን ፈራሁ። ወዴት ይሄድ ነበር? ጉም ስለነበር አልለየሁም። ምን ለብሷል? ባና። ሜዳው ላይ ጉርምርምታ ሆነ። አባቴን አየኋቸው፤ መሬቱን ያያሉ።

«ባናው ምልክት ነበረው?» አሉ ሽማግሌው።

ያን ጊዜ ነው ፍልስፍናዬ የተፈታው። ዓይን ያያል እንጂ አያውቅም አልኋቸው። ባና ሰው አይደለም፤ አንድ ባና መቶ ሰው ሊለብሰው ይችላል። ጉም ውስጥ የታየ ነገር እንደታየው ላይሆን ይችላል፤ ጅብራ እንኳ በጉም ሰው ይመስላል አልሁ። ድምፄ አምሮ ነበር። ከኋላ ያሉ ሴቶች «አቤት ትምህርት!» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ግን ውሸት ነው።

ሽማግሌው ጨርሰው ሰሙኝ። «ጅብራ ሣር አይሸከምም» አሉ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «ልጄ፣ የምታውቂውን አልጠየቅንሽም። ያየሽውን ነው የጠየቅንሽ።»

ሌላ መሸሸጊያ አልነበረኝም። «ምልክት አላየሁም» አልሁ። መስቀሉን እንደያዝሁ።

ወደ ቦታዬ ልመለስ ስል አባቴ ተነሡ። በሰው መካከል እያለፉ መጥተው ፊቴ ቆሙ። የተቆጡ መስሎኝ ፊቴን ከለልሁ፤ እሳቸው ግን ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

«ማንን ፈርተሽ ነው?»

«ለእርስዎ» አልሁ።

ነገሩ ሲገባቸው በዓይኔ አየሁት፤ ከግንባራቸው ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ለሸንጎው ሳይሆን ለእኔ ተናገሩ። ጠባቂው ያን ሰሞን ሳሉ ስለጠናባቸው፣ እኔ በመጣሁበት ዋዜማ አባቴ የራሳቸውን ባና አውልቀው አልብሰዋቸዋል። ጠዋት ደጃፍ ላይ ጭቃው ውስጥ ቆመው ይጠብቁ የነበረው እሳቸውን ነው። የበረቱ ጣሪያ ላይ ያለው ሣር አምና ጓሳው ሲከፈት ታጭዶ የተቀመጠ ነው። ጠባቂው ሲገኙ ባናው ከላያቸው ተገፎ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም የባናው ወሬ እንዳይወጣ ተማክረው ያዙት፣ የነጩን እራፊ ነገር የሚያነሣ ሰው ሌባውን አይቷል ማለት ነው ብለው። እኔ ያየሁት ጀርባ ጠባቂውን ጥሎ ባናቸውን ለብሶ የሚሸሸው ሰው ጀርባ ነበር።

«በመንገድ ማንን አገኘሽ ስልሽ» አሉ አባቴ፣ «ባናዎን አየሁ ብትዪኝ ያኔውኑ እሮጥ ነበር።» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ለምን አልጠየቅሽኝም?»

እዚያው ሜዳ ላይ ተንበርክኬ፣ ያየሁትን ሁሉ፣ ቀጭኗን መንገድ፣ ሸክሙን፣ እራፊውን ተናገርሁ። ሽማግሌዎቹ የላኳቸው ሰዎች በዚያው መንገድ ወርደው በማግስቱ ባናውን ከነለባሹ አገኙት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ግን በጣም አድሮ ነው የጠራው። ቄሱ ከግዝቱ ፈትተው ንስሐ ሰጡኝ። ሰውም ልጅ ነች፣ ለአባቷ ብላ ነው ብሎ ይቅር አለኝ።

ጠባቂው ከሳምንት በኋላ አረፉ። ጤና ጣቢያ ያከማቸው ሰው ለአባቴ የነገራቸውን እኔም አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ድንጋዩ ብቻ ቢሆን ይተርፉ ነበር አለ፤ የጎዳቸው ቀኑን ሙሉ ዝናብ ላይ መዋላቸው ነው፣ ጥቂት ሰዓት ቀደም ብሎ ሰው ቢደርስላቸው ኖሮ። አባቴ እንደ ልማዳቸው «በምን አወቅህ?» ይሉታል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላሉም። ባናውን በውሃ አጥበው፣ ጠባቂውን በሱ ገንዘው ቀበሯቸው። የእናቴ ነጭ እራፊም አብሮ ሄደ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? የኔ ፍርሃት አባቴን እንዳላጣቸው ነበር። አባቴ አልተቆጡኝም፣ አልረገሙኝም፤ ትምህርትሽን ቀጥይ ብለው ራሳቸው መንገድ ሸኙኝ። ግን «በምን አወቅህ?» የምትለዋን ጥያቄ ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው አልሰማኋትም፤ ጎረቤትም ቀስ በቀስ «አባ በምን» ብሎ መጥራቱን ተወ። የባሰው ደግሞ ሌላው ነው። በየክረምቱ ስመጣ ግንባሬን ይስሙኛል፣ እንዴት ነሽ ይሉኛል፣ ውሃ ያስቀርቡልኛል። በመንገድ ማንን አገኘሽ ብለው ግን አይጠይቁኝም። የማንም አባት የሚጠይቃትን፣ ለሰላምታ ያህል የምትባለዋን።

እኔ ሁለት ዓመት ያህል ታገሥሁና በሦስተኛው ሳልጠየቅ መናገር ጀመርሁ። ደጃፍ ላይ ሳለሁ፣ ሻንጣዬን ሳላወርድ። ወንዙ ዳር ሁለት ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ አየሁ፣ አንዷ እርጉዝ ነች። ጓሳው መግቢያ ላይ ጭላዳዎች ነበሩ። አንድ ሰው ነጭ በቅሎ ይጎትታል፣ ቀኝ እግሩን ያነክሳል። እንዲህ እንዲህ እያልሁ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዘረግፈዋለሁ። አባቴ አሁን ዓይናቸው ፈዟል፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙኛል። ስጨርስ፣

«ሌላስ?» ይላሉ።

እዚያች ላይ መንገዱን እንደገና ከመሐል ሜዳ ጀምሬ በሐሳቤ እሄደዋለሁ፣ ጅብራውን ሁሉ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፣ ያለፍሁት ሰው እንዳለ እፈልጋለሁ።

«ሌላ የለም፣ አባዬ» እላቸዋለሁ።